ስፒከራችሁን ተዉትና ፋይላችሁን አሳዩኝ

ሰሞኑን እዚህ መንደር የሳሎን ፎቶ በዝቷል። ሰው የሚያክሉ ሁለት ስፒከሮች ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ መሀላቸው አምፕሊፋየር፣ ከጎኑ ደግሞ «ዳክ» የሚሏት ትንሽ ሳጥን። ከሥር አስተያየቱ ይጎርፋል። «ሙዚቃ መስማት እንዲህ ነው!» «የጥንቱን ዘፈን በዚህ ካልሰማኸው አልሰማኸውም!» አንዱ ዋጋውን ሲጠይቅ ሌላው «ተው አትጠይቅ፣ ትታመማለህ» ይለዋል።

ሰው በገንዘቡ የወደደውን ይግዛ፣ ምቀኝነት የለብኝም። እኔ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር። «በዚህ ሁሉ ዕቃ የምታጫውተው ዘፈን ፋይሉ ከየት መጣ?» አልኩ። ብዙው ዝም አለ። አንዱ ብቻ ደፍሮ መለሰ፦ «ከቴሌግራም።»

እንግዲህ ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይቺ አንድ ቃል ናት።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ገንዘባችንንም፣ ጥንቃቄያችንንም፣ ጉራችንንም ያዋልነው በተሳሳተው ጫፍ ላይ ነው። ድምፅ እንደ ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። መጀመሪያ ይቀረጻል፣ ከዚያ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ መጨረሻ ላይ በስፒከር ይወጣል። ላይኛው ላይ የጠፋውን ታችኛው አይመልሰውም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባል የለ? እኛ ግን ምንጩን ደፍነን ታች ማሰሮውን በወርቅ እንለብጣለን።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ካልኩሌተር አውጡ፣ እንደ ድሮው አብረን እንሥራ። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይጽፈዋል። ለግራም ለቀኝም ስለሆነ በ2 አባዙት። በሰከንድ 1,411,200 ቢት፣ በደቂቃ ወደ 10 ሜጋ አካባቢ ይመጣል። ሙዚቃ ቤት የሚጫንላችሁ ኤምፒስሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ 128 ኪሎቢት ነው፣ በደቂቃ 1 ሜጋ ገደማ። ማለትም ከ11 እጅ 1 እጁ ቀርቷል። ቀሪው 10 እጅ የት ሄደ? ተጣለ። ኤምፒስሪ የሚሠራው እንደዚያ ነው፣ ጆሮ ብዙም አያስተውለውም ብሎ የገመተውን እየመረጠ ይጥላል። የሠሩት ሰዎች ብልሆች ናቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከተደረገና ቢቱ በቂ ከሆነ ብዙው ሰው ልዩነቱን አይለየውም። በዚህ አልጣላም።

ችግሩ አንድ ጊዜ አለመሆኑ ነው። የአንድ የጎንደር ዘፈን መንገድ ይኸውላችሁ። አንዱ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ይገለብጠዋል፣ ቦታ እንዳይዝ ብሎ በ128 ያስቀምጠዋል። ሌላው ፎቶ ለጥፎበት ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል፣ ዩቲዩብ እንደገና ይጨምቀዋል። ሦስተኛው ከዚያ አውርዶ ወደ ኤምፒስሪ ይመልሰዋል። ቴሌግራም ላይ ይዞራል። ሙዚቃ ቤት ያለው ልጅ «ሜሞሪህ ላይ ብዙ እንዲገባልህ» ብሎ በ64 ይቆርጠዋል። በመጨረሻ በብሉቱዝ ወደ ስፒከር ይሄዳል፣ ብሉቱዝም በበኩሉ ይጨምቀዋል።

አስተማሪዎች ይሄን በደንብ እናውቀዋለን። የፈተና ወረቀት ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፣ የኮፒው ኮፒ፣ የኮፒው ኮፒ ኮፒ። አምስተኛው ላይ ሥዕሉ ጥቁር ጭቃ ይሆንና ተማሪው እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ፑሊ ነው ወይስ ድንች?» ይላል። አሁን የምትሰሙት ማሲንቆ ያ ድንች ነው። ጭራው ጭራውን ሲነካ መጀመሪያ ላይ የምትሰማው ሻካራ ትንፋሽ የለችም። ጭብጨባው ውሃ ውስጥ እንደሚንቦጫረቅ እጅ ይሰማል። ሴቶቹ እልል ሲሉ እልልታው የተሰነጠቀ ፉጨት ይሆናል። የአንድ ሚሊዮን ብር ስፒከር ድንቹን ፑሊ አያደርገውም። ድንቹን አጉልቶ፣ አጥርቶ፣ ከነጭቃው ያሳያችኋል እንጂ።

እዚህ ላይ የሚመጡትን መልሶች አውቃቸዋለሁ፣ አንድ በአንድ እንያቸው።

«እኔ ፍላክ ነው የማዳምጠው» የሚል አለ። ፍላክ ግሩም ነገር ነው፣ ምንም ሳይጥል ይጨምቃል፣ ሲከፈት ቢት በቢት ያው ነው፣ ነፃም ነው። ግን ከምን የተሠራ ፍላክ? ከቴሌግራም ያመጣኸውን ኤምፒስሪ በኮንቨርተር ወደ ፍላክ ስታዞረው የሚጨምረው ኪሎውን ብቻ ነው። ጠላ በውስኪ ጠርሙስ ቢገለበጥ ውስኪ አይሆንም። ፋይሉ 30 ሜጋ ስለሆነ ብቻ «ኦሪጅናል ነው» እያሉ የሚያከፋፍሉ ሰዎች ጠርሙስ ነው የሚሸጡት።

«የኔ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ ነው» የሚል ደግሞ አለ። ይሁን። የሰው ጆሮ ደህና ሲሆን እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ይሰማል፣ ያውም ልጅ እያለ። የሲዲው 44.1 የተመረጠው ያንን እንዲሸፍን ነው። 24 ቢት በመቅረጽ ጊዜ ይጠቅማል፣ ድምፁ እንዳይፈነዳ ዝቅ አድርጎ ለመቅዳት ፋታ ይሰጣል። ለማዳመጥ ግን ካሴት ላይ ያለ የሠርግ ዘፈን፣ ራሱ ካሴቱ ከ15 ኪሎኸርዝ እምብዛም የማያልፍ ሆኖ ሳለ፣ 192 ምን ሊሠራለት ነው? ስለ ዲጂታል ገመድም ይሄው ነው። ቢቱ ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም። በወርቅ ገመድ የሄደ 1 ከተራው ገመድ 1 አይበልጥም።

ለእውነት ያህል፣ ስፒከር ምንም አይጠቅምም አላልኩም። ይጠቅማል፣ ከሰንሰለቱ ሁሉ ድምፁን በጣም የሚለውጠው እሱና የክፍሉ ግድግዳ ናቸው። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ምርጥ ስፒከር ምንጣፍና መጋረጃ ባለበት ክፍል ውስጥ በተቀመጠ መካከለኛ ስፒከር ይበለጣል። ጥሩ ስፒከር ጥሩ መነጽር ነው። መነጽር ግን የተቀደደ ገጽ አያነብም፣ እኔ የምጣላው ገጹን ቀዶ መነጽር ከሚገዛ ሰው ጋር ነው።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም የከፋው ነው፦ «ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ምን ማስቀመጥ ያስፈልጋል?»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ዛሬ ያለ ቻናል ነገ ይዘጋል። ኔትወርክ የሌለበትን ወራት እኛ እዚህ ያለን ሰዎች እናውቃቸዋለን። ደግሞ «ሁሉም» የምትሉት የማንን ነው? የትልልቆቹን ከሆነ እሺ፣ እነሱም ቢሆኑ የተረፉት አንድ ሰው ዋናውን ቅጂ ስላስቀመጠ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም ገደማ ጀርመን ሀገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከመቶ ዓመት በኋላ ያ ድምፅ በሲዲ ወጥቶ ዛሬ እንሰማዋለን። ያኔ የነበረው ማጫወቻ በእጅ የሚጠመዘዝ ነበር፣ የሚያወጣው ድምፅ ከዛሬ ተራ ስልክ አይሻልም። ድምፁን ያዳነው ሸክላው ነው፣ ያልተሰበረው ሸክላ።

አምሃ እሸቴም በ1961 ዓ.ም አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ከመቶ በላይ ሸክላ አሳተመ። በ1997 እ.ኤ.አ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማሳተም ሲጀምር የነዚያ ዓመታት ቅጂዎች ናቸው ዓለምን ያስደነቁት። ዛሬ ውጭ ሀገር ያለ ኦዲዮፋይል ሙላቱ አስታጥቄን በትልልቅ ስፒከር እያዳመጠ የሚያለቅሰው ቅጂውን የጠበቀ ሰው ስለነበረ ነው። ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን ሸክላ ቀርቶ ሁሉም ነገር ካሴት ሆነ። የካሴቱን ዘመን ማን ነው የሚጠብቀው?

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ዛሪማ፣ ደባርቅ፣ ዳባት፣ አዲአርቃይ፣ በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ያለው ካሴት የታዋቂ ዘፋኝ ብቻ አይደለም። የሠርግ ካሴት አለ። ስሙን ማንም ያላሳተመለት አዝማሪ ሌሊቱን ሙሉ በማሲንቆ የተጫወተው። ቀረርቶና ፉከራ አለ። የለቅሶ ሙሾ አለ። ደግሞ የካሴት ደብዳቤ አለ፣ ታስታውሳላችሁ? ስልክ ባልነበረበት ጊዜ ሱዳንና ዐረብ ሀገር የሄዱ ልጆች መጻፍ ለማትችል እናታቸው ድምፃቸውን ቀርጸው የሚልኩት። «እማዬ እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ጀምሮ አንድ ገጽ ሙሉ የሚያወራ ልጅ። እሷም በዚያው ካሴት ጀርባ መልሳ ትቀርጽለት ነበር። ከነዚህ ልጆች ስንቱ አልተመለሰም? ያቺ እናት አሁን ያላት የልጇ ድምፅ ያ ብቻ ነው።

ይሄ ዩቲዩብ ላይ የለም። አንድ ቅጂ ነው ያለው። እሱም እየሞተ ነው። እኛ ቆላ ነን፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ተጠማዝዛችሁ ስትወርዱ የምታገኙት ሙቀት ካሴትን አይምርም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር የተቀመጠ ካሴት ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ቴፑ ይጣበቃል። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ዛሪማንም የዳባቷን ጭናንም በረገጠ ጊዜ ሰው ልጁን አዝሎ ነው የወጣ። ካሴት ይዞ የወጣ አለ ብላችሁ ነው? በየቤቱ አንድ አንድ ቅጂ የነበረው ድምፅ ስንቱ እንደዚያው ቀረ። የሰው ሕይወት በጠፋበት ስለ ካሴት ማውራት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን የሞተውን ሰው ድምፅ የያዘው ያው ካሴት መሆኑን አትርሱ።

መቼም ስለ ማስቀመጥ የፈረንጅ ጠቢብ ፍለጋ መሄድ የለብንም። አፍንጫችን ሥር አለ። ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በዚህ በሰሜን ተራራ ነው ይላል ትውፊታችን። ዜማውን ያኖረው በምንድን ነው? በአንድ ብራና አይደለም። በብዙ ተማሪ ነው። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ፣ አንዱ ደብር ቢቃጠል ሌላው ደብር አለ። ዘግይቶ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ምልክቱ ተጽፎ ተጨመረ፣ እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ስማቸው በዚህ ይነሳል። እስከ ዛሬም የድጓ ተማሪ ቤተልሔም ሄዶ ከመምህሩ ዘንድ ሳያስመሰክር ድጓ አወቅሁ አይልም። ቅጂው ከዋናው ጋር ይታረማል፣ ስሕተቱ ይለቀማል፣ ከዚያ በኋላ ነው «ሂድ አስተምር» የሚባለው። ብዙ ቅጂ፣ ብዙ ቦታ፣ ከዋናው ጋር ማመሳከር። አሁን በዓለም ያሉ ቤተ መዛግብት የሚሠሩበት ሕግ ያው እሱ ነው። እኛ የዚህ ልጆች ሆነን የእናታችንን ድምፅ አንዲት የጥፍር ያህል ሜሞሪ ላይ አስቀምጠን እንተኛለን።

ስለ ሜሞሪ ካነሳን፣ ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ የቤተሰቡን የሠርግና የለቅሶ ቅጂ በሙሉ «ሁለት ቴራ» ተብሎ በርካሽ በተሸጠለት ፍላሽ ላይ አኑሮ ነበር። ሊከፍተው ሲል የፋይሎቹ ስም አለ፣ ውስጣቸው ባዶ ነው። ፍላሹ ውስጡ ጥቂት ጊጋ ብቻ ሆኖ ሁለት ቴራ ነኝ እንዲል የተደረገ ነው፤ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፣ ወይም የጻፈ ይመስላል። ይሄ ገበያው የሞላው ማጭበርበር ነው። እውነተኛው ፍላሽም ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ሳይነካ ከተቀመጠ የያዘው ቻርጅ ቀስ በቀስ ይሸሻል። ፍላሽ ማመላለሻ ነው እንጂ ጎተራ አይደለም።

እና ትልቁ ንዴቴ እዚህ ላይ ነው። ሙዚቃ ቤት ያለውን ልጅ አልወቅስም፣ ደንበኛው በጥቂት ብር አምስት መቶ ዘፈን ጫንልኝ ይለዋል፣ እሱም ይጭናል፣ እንጀራው ነው። የምወቅሰው አቅም ያለውን ነው። አዲስ አበባም ሆነ ውጭ ሀገር ያለኸው፣ የሀገሬ ሙዚቃ ነፍሴ ነው የምትለው፣ ለገመድ ብቻ የምታወጣው ገንዘብ አንድ ደህና ያገለገለ የካሴት ዴክና አንድ ሃርድ ዲስክ ይገዛል። ሒሳቡን ልስጥህ። የ60 ደቂቃ ካሴት ምንም ሳይቀነስ ሲቀዳ 600 ሜጋ ገደማ ነው። አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ እንዲህ ያለ ካሴት ከ1,500 በላይ ይይዛል። የአንድ ወረዳ ሠርግ ማለት ነው! በአንተ አንድ ገመድ!

«ዲፕሎማ ያለው የገጠር መምህር ስለ ሃይፋይ ምን ያውቃል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ባውቅም ባላውቅም ቁጥሩ ቁጥር ነው፣ አባዙና ተከራከሩኝ።

አሁን ወሬ ይብቃ፣ ሥራው እንዲህ ነው።

ካሴቱን አትጣሉ። «ገልብጬዋለሁ» ብላችሁም አትጣሉ፣ ነገ የተሻለ ዴክ ሲገኝ ዋናው ያስፈልጋል። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሯቸው፣ ልጅ በስሕተት ሪከርድ ተጭኖ እንዳያጠፋው። ከሙቀት፣ ከአቧራና ከስፒከር ማግኔት አርቁት። ደባርቅ ዘመድ ያላችሁ ደባርቅ አስቀምጡት፣ ብርዱ ለአንድ ነገር ይጠቅመን።

ከመቅዳታችሁ በፊት የዴኩን ሄድ በጥጥና በአልኮል ጥረጉ። ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አስሩጡና መልሱ፣ የተጣበቀው እንዲላቀቅ። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣም በቀስታ እያዞራችሁ ድምፁ የሚጠራበትን ፈልጉ፣ ብዙው «ሞቷል» የተባለ ካሴት በዚች ብሎን ይነሳል። ከዴኩ በገመድ ወደ ኮምፒውተሩ መግቢያ አስገቡ፣ ስልክ አጠገቡ ይዞ መቅዳት አይሆንም። ኦዳሲቲ የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው። በዌቭ ቅዱ፣ በፍላክ አስቀምጡ። ሹሹታውን «ላጽዳው» ብላችሁ ዋናውን አትንኩት፣ ማጽዳት የሚፈልግ በኮፒው ላይ ያጽዳ። ለስልክ የሚሆን ኤምፒስሪ ከፈለጋችሁ ከፍላኩ አውጡ፣ ከኤምፒስሪ ግን ኤምፒስሪ አታውጡ።

ስም ጻፉበት። «ትራክ 01» ስም አይደለም። የማን ሠርግ፣ የት ቀበሌ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ማሲንቆውን የያዘው ማን፣ ከኋላ እልል የምትለው ማን ናት። ይሄን የሚያውቁት እናቶቻችንና አያቶቻችን ናቸው፣ እነሱም አይጠብቁንም። ከዴኩ አጠገብ አስቀምጣችሁ ጠይቋቸው። ፋይሉ ቢተርፍና ስሙን የሚያውቅ ሰው ባይኖር ግማሹ ጠፍቷል።

ሦስት ቅጂ አድርጉ። ሁለቱ በተለያየ ዕቃ ላይ፣ አንዱ በሌላ ከተማ። ዛሪማ ያለው ጎንደር አንድ ይላክ፣ ጎንደር ያለው አዲስ አበባ፣ ውጭ ዘመድ ያለው እዚያ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለእንቁጣጣሽ፣ ከፍታችሁ ሰምታችሁ አረጋግጡ። የታተመ የዘፋኝ ሥራ ግን ግዙ፣ ለባለቤቱ ይክፈል፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለው ለዚህ ነው። እኔ እያወራሁ ያለሁት አሳታሚ ስለሌለው፣ ከእናንተ በቀር ባለቤት ስለሌለው ድምፅ ነው።

ዴክ አለኝ፣ ላፕቶፕ አለኝ፣ መብራት በመጣ ሰዓት እሠራለሁ። በዙሪያችን ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ካሴታችሁን አምጡ፣ ፊታችሁ ቀድቼ ካሴቱን ከነፋይሉ በእጃችሁ እመልሳለሁ፣ ብር አልፈልግም። ከእናንተ የምፈልገው ባዶ ሃርድ ዲስክና ካሴቱ ላይ ያለውን ሰው የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ እንድትመጡ ነው። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ቤተሰብ ጋ ደውሉና «እማዬ፣ ያ የካሴት ካርቶን የት ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጣልነው» ካሉ እዘኑ። «አለ» ካሉ ግን ማንም እንዳይነካው በሏቸውና ለኔ ጻፉልኝ።